በሰዓት የሚለካ መድኃኒት፦ የኑክሌር ሕክምና ከዐባይ ማዶ ሲታይ

የኑክሌር ሕክምና መድኃኒት መጋዘን አያውቅም። ከተሠራበት ደቂቃ ጀምሮ ይቀንሳል፤ አንዳንዱ በሰዓታት፣ አንዳንዱ በቀናት ውስጥ ግማሹ ይጠፋል። ስለዚህ ይህ ሕክምና ለአገራችን ታማሚ ምን ይፈይዳል፣ ለየትኛው በሽታስ ይቅደም የሚለው ጥያቄ ከአውሮፕላን ማረፊያ፣ ከጉምሩክ፣ ከአስፋልትና ከቀጠሮ ወረቀት ተነጥሎ ሊመለስ አይችልም። እኔ ጥያቄውን የማየው ከደጀን በኩል ነው። ደጀን የዐባይ በረሃ አፋፍ ላይ፣ ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ሽቅብ የወጣ መኪና ሁሉ በእሷ ያልፋል። ከዚያ አንዱ መንገድ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ሌላው በቢቸና አድርጎ ወደ ሞጣ ይሄዳል። የዚያ አገር ሰው ለከፍተኛ ሕክምና አዲስ አበባ ሂድ ሲባል በረሃው፣ የመኪናው ዋጋ፣ አልጋ የሚይዝበት ቦታና የሚከተለው አስታማሚ አብረው ይታሰቡታል።

መጀመሪያ የሚምታቱትን ልለይ። በራጅና በሲቲ ስካን ጨረሩ ከማሽኑ ይወጣና በሰውነት ውስጥ ያልፋል። በጨረር ሕክምናም እንዲሁ ጨረሩ ከውጭ ወደ ዕጢው ይላካል፤ በጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በ1997 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኮባልት ማሽን የተጀመረው ይህ ዓይነቱ ነው። በኑክሌር ሕክምና ግን ጨረር አመንጪው ንጥረ ነገር ራሱ በመርፌ ወይም በአፍ ለታማሚው ይሰጣል። ንጥረ ነገሩ ብቻውን፣ ወይም ከሌላ ኬሚካል ጋር ተጣምሮ፣ ወደሚፈለገው የሰውነት ክፍል ይሄዳል። ከዚያ የሚወጣውን ጨረር ጋማ ካሜራ የተባለ መሣሪያ እየለቀመ ምስል ያደርገዋል። የምስሉ ትርጉምም ይለያል። ሲቲ ስካን ኩላሊቱ የት እንዳለና ምን እንደሚመስል ሲነግረን፣ ጋማ ካሜራ ኩላሊቱ ይሠራል ወይ፣ ከሁለቱ የትኛው ደክሟል የሚለውን ይነግረናል። አጥንት በነቀርሳ ሲነካ በራጅ ሳይታይ ብዙ ጊዜ ሊቆይ ይችላል፤ አጥንቱ ራሱን ለመጠገን ሲሯሯጥ ግን የኑክሌር ምስሉ ቀድሞ ይይዘዋል። የጡት ወይም የፕሮስቴት ነቀርሳ የያዘው ሰው በሽታው ወደ አጥንት መሄድ አለመሄዱ የሚመረመረው በዚህ መንገድ ነው።

የሐሳቡ ምንጭ ሃንጋሪያዊው ኬሚስት ጆርጅ ደ ሄቬሺ ነው። ጨረር አመንጪ የሆነ ንጥረ ነገር ጨረር ከማያመነጨው ወንድሙ ጋር በኬሚካል ጠባዩ አንድ ስለሆነ፣ ሰውነት ሳይለየው ይወስደዋል፤ እኛ ግን በጨረሩ ዱካውን እንከተላለን። ለዚህ ሥራው የ1943ን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት አገኘ። ሃል አንገር የተባለ አሜሪካዊ ደግሞ በ1950ዎቹ መጨረሻ ጋማ ካሜራን ሠራ። ከእነዚህ ሁለቱ በኋላ የቀረው ትልቁ ጥያቄ የትኛው ንጥረ ነገር ይሻላል የሚለው ነበር።

ለምርመራ ያሸነፈው ቴክኒሺየም 99ኤም ነው። ግማሽ ዕድሜው፣ ማለትም ግማሹ የሚጠፋበት ጊዜ፣ 6 ሰዓት ነው። ምስል ለማንሳት በቂ ጊዜ ይሰጣል፤ ታማሚው ላይም ብዙ አይቆይም። ግን ይኸው መልካም ጠባዩ ከዐባይ ማዶ ሲታይ እንቅፋት ይሆናል። ከአዲስ አበባ ጠዋት 12 ሰዓት ተጭኖ የተነሳ ቴክኒሺየም ደጀን ቀን 6 ሰዓት ቢደርስ የቀረው ግማሹ ነው፤ ማታ 12 ሰዓት ላይ ሩቡ፣ በማግስቱ ጠዋት አሥራ ስድስተኛው። በዚህ የተነሳ ቴክኒሺየም በራሱ አይጓዝም። የሚጓዘው እናቱ ሞሊብዲነም 99 ነው፤ የእሱ ግማሽ ዕድሜ 66 ሰዓት ነው። ሞሊብዲነሙ ጀነሬተር በሚባል በእርሳስ በተሸፈነ ዕቃ ውስጥ ሆኖ ይመጣል፤ በውስጡ ቴክኒሺየም ያለማቋረጥ ይወለዳል። በየጠዋቱ ጨዋማ ውኃ በጀነሬተሩ ውስጥ ይሳብና ቴክኒሺየሙ ከውኃው ጋር ይወጣል፤ በማግስቱ ደግሞ እንደገና ሞልቶ ይጠብቃል። የሙያው ሰዎች በዓለም ዙሪያ ዕቃውን ላም፣ ሥራውን ማለብ ይሉታል። ይህች ላም ግን አንድ ሳምንት ከታለበች በኋላ ትነጥፋለች፤ ሌላ መምጣት አለበት።

ሞሊብዲነሙን የሚያመርቱት ሪአክተሮች በዓለም ላይ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከአህጉራችን የደቡብ አፍሪካው ሳፋሪ 1 አንዱ ነው። በ2009 የካናዳው የቾክ ሪቨር ሪአክተር ለጥገና ሲቆም፣ በዓመቱም የሆላንዱ ፔተን ሲከተለው፣ ባለጸጎቹ አገሮች ሳይቀሩ የታማሚ ቀጠሮ አራዘሙ። ጀነሬተሩን በአውሮፕላን ለሚያስመጣ አገር አደጋው ከዚህም ይብሳል፤ ጀነሬተር ያልደረሰበት ቀን ካሜራው ቆሞ ይውላል፣ ከጎጃም የመጣው ሰውም በማግስቱ ተመለስ ይባላል። ለአዲስ አበባ ነዋሪ ማግስት ማለት ማግስት ነው። ለቢቸና ሰው ግን ተጨማሪ የአልጋ፣ የምግብና የትራንስፖርት ወጪ ነው። በ2023 በአማራ ክልል ግጭት ከተነሳ ወዲህ መንገድ በተዘጋባቸው ጊዜያት ደግሞ ቀጠሮ ማጣት ሕክምና ማጣት ሆኗል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ ወደ እንቅርት። ከሁሉም የኑክሌር መድኃኒቶች ለእኛ አገር ሁኔታ የሚስማማው አዮዲን 131 ነው ብዬ አምናለሁ። ግማሽ ዕድሜው 8 ቀን ነው፤ በአንድ ቀን የሚያጣው 8 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። የሚሰጠው በአፍ ነው፤ እንክብል ወይም የሚጠጣ ፈሳሽ። ለማከም የተራቀቀ ካሜራ የግድ አይፈልግም። በሽታው ደግሞ በደጋው ሁሉ አለ።

አዮዲንን በብዛት የሚሰበስበው አንገት ላይ ያለው ታይሮይድ ዕጢ ነው፤ ሆርሞኑን የሚሠራው በእሱ ነው። ደጋ አገር ላይ ለዘመናት የወረደ ዝናብ አዮዲኑን ከአፈሩ አጥቦ ይወስደዋል፤ ከጮቄ ተራራ ሥር የሚነሱት ወንዞች አፈሩን ይዘው ወደ ዐባይ ሲወርዱ የሚሄደው የእህሉ ልምላሜ ብቻ አይደለም። እህሉም፣ ከብቱም፣ ሰውም አዮዲን ያንሰዋል፤ ዕጢው ያለችውን ለመያዝ ሲታገል ያብጣል። ቸርነት አቡዬና የማነ ብርሃነ በ2007 ባሳተሙት አገር አቀፍ ጥናት ለመውለድ ዕድሜ ከደረሱት ኢትዮጵያውያን ሴቶች 35.8 ከመቶዎቹ እንቅርት ነበረባቸው፤ ከ6 ሚሊዮን በላይ ሴቶች ማለት ነው። ጥናቱ እንቅርቱን ከጽንስ መጨንገፍና ሞቶ ከመወለድ ጋር ተያይዞ አግኝቶታል። እናቶቻችን አንገታቸውን ይነቀሱት የነበረው ለጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ንቅሳቱ ለእንቅርት መድኃኒት ይሆናል ተብሎም ነበር። ሴቶቹ ሕመማቸውን አውቀውት ነበር፤ ያጡት የሚረዳ መድኃኒት ነው።

መድኃኒቱ ጨው ውስጥ መግባት ነበረበት። ከኤርትራ ጋር ጦርነት ከመነሳቱ በፊት ከአሰብና ከምጽዋ ይመጣ የነበረው ጨው አዮዲን ይጨመርበት ነበር፤ ከዚያ በኋላ የአገሪቱ ዋና ጨው ከአፋሩ አፍዴራ ሆነና አዮዲኑ ቀረ። በ2011 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለሰው ምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ አወጣ። በዚያው ዓመት በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘው 15 ከመቶ ገደማ በሚሆኑ ቤቶች ነበር፤ በ2016ቱ ጥናት 89 ከመቶ ደረሰ። ይህ ትልቅ ድል ነው፤ መጠኑ በቂ የሆነው ጨው ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ እንደነበር መዘንጋት የለበትም።

ጨውን በኑክሌር ሕክምና ጽሑፍ ውስጥ ማንሳቴ ከርዕስ መውጣት እንዳይመስል። ዓመታት የቆየ፣ ጓል ጓል የሆነ እንቅርት ያለበት ሰው በድንገት አዮዲን ሲያገኝ ዕጢው ከልክ በላይ ሆርሞን ማምረት ሊጀምር ይችላል። ዚምባብዌ በ1990ዎቹ ጨው ላይ አዮዲን መጨመር ስትጀምር ይህ ታይቷል። ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውነት ይከሳል፣ ሙቀት አይቻልም፣ እንቅልፍ ይጠፋል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚባለው ይኸው ነው። ችግሩ ጊዜያዊ ስለሆነ ጨው ላይ አዮዲን መጨመር ለአንድ ቀን እንኳ የሚያጠያይቅ አይሆንም፤ ግን እነዚያን ታማሚዎች የሚቀበል ሕክምና ያስፈልጋል።

ጨው የምርመራውንም ውጤት ይቀይራል። ታይሮይድ ምን ያህል አዮዲን እንደሚወስድ ለመለካት ታማሚው ትንሽ ጨረር አመንጪ አዮዲን ይሰጠውና በ24 ሰዓት ውስጥ ከመቶ ስንቱ ዕጢው ውስጥ እንደገባ ይቆጠራል። አዮዲን የተራበ ጤነኛ ዕጢ ከጠገበው አብልጦ ይወስዳል። ስለዚህ በአውሮፓ መጽሐፍ ላይ ጤነኛ ተብሎ የተጻፈው ልኬት ለደጀን ሴት ላይሠራ ይችላል፤ ለኢትዮጵያ የራሱ ልኬት ያስፈልጋል፣ ያም ጨዉ በተሻሻለ ቁጥር መታደስ አለበት። አዲስ አበባ ያለው ሐኪም የሚያነበው ቁጥር ደጀን ያለችው ሴት ወጥ ውስጥ ከጨመረችው ጨው ጋር የተያያዘ ነው። ይህን ያህል ቀጥታ ከማዕድ ጋር የተሳሰረ ሌላ የተራቀቀ ምርመራ አላውቅም።

ሕክምናው እንዴት እንደሚሠራ ልግለጽ። በ1941 ሳውል ኸርትዝ የተባለ ሐኪም ቦስተን በሚገኘው የማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል ዕጢዋ ከልክ በላይ ለሚሠራ ታማሚ ጨረር አመንጪ አዮዲን ሰጠ። ሰውነት አዮዲኑን ራሱ አንገት ላይ ወስዶ ያከማቸዋል። አዮዲን 131 የሚረጨው የቤታ ጨረር ከሚሊሜትር ብዙም አይርቅም፤ የሚጎዳው በዙሪያው ያለውን የዕጢ ሕዋስ ነው። ዕጢው በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይቀዘቅዛል። ለዚህ የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሚሊኪዩሪ (የጨረር አመንጪ መጠን መለኪያ) ነው፤ ለታይሮይድ ነቀርሳ ግን ከ30 ጀምሮ እስከ 200 ሊደርስ ይችላል።

በአገራችን ለዚህ በሽታ ሐኪሞች በብዛት የሚያዙት ፕሮፒልታዮዩራሲል የተባለውን ክኒን ነው። ክኒኑ ይሠራል፤ ግን በየቀኑ፣ ለወራትና ለዓመታት መወሰድ አለበት፣ አልፎ አልፎም ጉበትን ክፉኛ ይጎዳል፣ ሲቋረጥ ደግሞ በሽታው በብዙዎች ላይ ይመለሳል። ሁለተኛው መንገድ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ትልቅ እንቅርት መተንፈሻን ሲጫን እሱ ተወዳዳሪ የለውም። ብዙ ጊዜ በአንድ መጠጥ የሚያልቀው ሕክምና ግን በረሃ ተሻግሮ ለሚመጣ ሰው በየወሩ ከሚመላለስበት ክኒን ይቀላል። ሁሉም እንቅርት ለዚህ እንደማይሆን ደግሞ መታወቅ አለበት። ሆርሞኑ ትክክል የሆነ ሰው በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ይህ አይደለም። ጨረሩን የማይወስድ፣ በምስሉ ላይ ቀዝቃዛ ሆኖ የሚታይ ጓል ካለ ነቀርሳ እንዳይሆን በመርፌ ናሙና ይመረመራል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት በፍጹም አይሰጣቸውም፤ የጽንሱ ዕጢም አዮዲኑን ይወስደዋልና።

ከዚህ በኋላ ያለው ክፍል በመማሪያ መጻሕፍት ጥቂት መስመር ብቻ የሚሰጠው፣ ለእኛ ግን ዋናው ነው፤ ወደ ቤት መመለስ። አዮዲኑን የወሰደ ሰው ለተወሰኑ ቀናት ራሱ ጨረር ይወጣዋል፤ በሽንቱ፣ በላቡ፣ በምራቁ ውስጥ አዮዲን አለ። በውጭ አገር የሚሰጠው ምክር የተለየ መኝታ ቤት፣ የራስ መጸዳጃ፣ የራስ መኪና ያለውን ሰው እያሰበ የተጻፈ ነው። ለደጀን ታማሚ የሚሰጠው ምክር ከሌላ ቦታ መጀመር አለበት። ከአንድ ትሪ አብሮ መብላትና ማጉረስ ለእነዚያ ቀናት ይቅር፤ ልጅ አብሮ አይተኛ፣ አይታቀፍ፤ ነፍሰ ጡር አጠገብ አይቀመጥ። አገር አቋራጭ አውቶቡስ ውስጥ ለሰዓታት ከሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ መሄድ ከሁሉ የሚያሳስበው ነው፤ ይቻል ከሆነ አንድ ሁለት ቀን ቆይቶ መነሳት ይመረጣል፣ ለዚያም የሚያድርበት ቦታ ቀድሞ መታሰብ አለበት። የጉድጓድ መጸዳጃ ግን እንደሚፈራው አይደለም፤ የገባው አዮዲን በየ8 ቀኑ እየተጋመሰ በ80 ቀን ውስጥ ወደ አንድ ሺህኛው ገደማ ይወርዳል።

ለነቀርሳ በትልቁ መጠን የሚታከመው ሰው ደግሞ የራሱ መጸዳጃ ያለው፣ ግድግዳው ጨረር የሚከላከል ክፍል ውስጥ ጥቂት ቀን ብቻውን መቆየት አለበት። ብዙ አገር ላይ ሕክምናውን የሚያዘገየው መድኃኒቱ ሳይሆን የዚህ ክፍል እጥረት ነው። ይህ ታማሚ ከሕክምናው በፊት ሳምንት ሁለት ሳምንት አዮዲን ያለበት ምግብ ይከለከላል፤ ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ አዮዲን ያለው ጨው። ይህን ዝርዝር ላየ ጎጃሜ ነገሩ አዲስ አይሆንበትም፤ ጾመኛ ቤት ውስጥ ዓሣውንና ጨዉን ብቻ ማስቀረት ይበቃል። እንጀራው በሽሮና በምስር ይቀጥላል። ሐኪም ይህን በጾም ቋንቋ ቢያስረዳ ታማሚው ሳይሳሳት ይፈጽመዋል።

ጨረር ያስፈራል፤ መፍራቱም ምክንያት አለው። በ1986 ቼርኖቤል ላይ ከሪአክተሩ የወጣው ይኸው አዮዲን 131 በሕፃናት ላይ የታይሮይድ ነቀርሳ አብዝቷል፤ አዮዲን ባነሰባቸው አካባቢዎች ይበልጥ። ልዩነቱ ይህ ነው፦ እዚያ ያልታሰበ መጠን በወተት በኩል ለሕፃናት ዕጢ ገባ፣ ሕዋሱን ሳይገድል አቆሰለው። ሕክምናው ላይ ዕጢው እንዲከስም ታስቦ፣ ተለክቶ፣ ለተመረጠ ታማሚ ይሰጣል። ለምርመራ የሚሰጠው መጠን ደግሞ ትንሽ ነው፤ አንድ የአጥንት ምስል 4 ሚሊሲቨርት (ሰውነት የሚያገኘው ጨረር መለኪያ) ገደማ ሲሆን፣ ሰው ከአፈር፣ ከአየርና ከሰማይ በዓመት የሚያገኘው የተፈጥሮ ጨረር በዓለም አማካይ 2.4 ነው። ልኬቱ እንዲጠበቅ የሚቆጣጠር ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል የሆነችው ኤጀንሲው በተመሠረተበት በ1957 ነው፤ የመጀመሪያውን የጨረር መከላከያ አዋጅ በ1993፣ ሰፋ ያለውን ደግሞ በ2017 አውጥታለች።

ስለ ሌላው የኑክሌር ምስል፣ ስለ ፔት ስካን፣ በአጭሩ። በብዛት የሚጠቀምበት ፍሎሪን 18 ግማሽ ዕድሜው 110 ደቂቃ ነው። ስለዚህ ካሜራው አጠገብ፣ ቢበዛ በጥቂት ሰዓት ርቀት፣ ሳይክሎትሮን የተባለ ግዙፍ ማሽን መኖር አለበት፤ ናይሮቢ የአጋ ካን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ያደረገው ይህንን ነው። ለነቀርሳ ምርመራ ድንቅ መሣሪያ ነው፣ አንድ ቀን ሊኖረን ይገባል። ለፕሮስቴት ነቀርሳ በ2022 አሜሪካ የፈቀደችው ሉቴሺየም 177 ያለበት መድኃኒትም እንዲሁ ተስፋ ሰጪ ነው፤ ግማሽ ዕድሜው ወደ ሰባት ቀን ስለሚጠጋ በመጓጓዣ በኩል ከአዮዲን አይብስም፣ ዋጋው ግን ይብሳል። ከእነዚህ በፊት ግን አዮዲን ሳይቋረጥ መምጣት አለበት። አዲስ ማሽን ሲመረቅ የሚጮኸውን ያህል፣ በየሳምንቱ ሳይቋረጥ የሚመጣ እንክብል ዜና አይሆንም፤ ለጎጃሟ ሴት ግን የሚበልጠው እንክብሉ ነው።

የኑክሌር ሳይንስ ታማሚው ሳይነካው የሚጠቅምበት አንድ መንገድም አለ። ሮዛሊን ያሎና ሶሎሞን በርሰን በ1950ዎቹ መጨረሻ በጨረር አማካይነት በደም ውስጥ ያለን እጅግ ትንሽ ሆርሞን የሚለካ ዘዴ አገኙ፤ ያሎ በ1977 ኖቤል ተሸለመችበት። በብዙ የአፍሪካ አገሮች የኑክሌር ሕክምና መነሻው ይህ ላቦራቶሪ ነበር። ዛሬ ያንኑ ምርመራ ጨረር በሌላቸው ዘዴዎች ማድረግ ይቻላል፤ ትምህርቱ ግን ዛሬም ይሠራል። ሴረሙ (የደሙ የጠራ ፈሳሽ) ተለይቶ በቀዝቃዛ ዕቃ ከተያዘ በረሃውን መሻገር ይችላል፣ ሰውየው ቤቱ ይቆያል።

ይህ የደም ምርመራ ለአዮዲን ሕክምና መጀመሪያም መጨረሻም ነው። ዕጢው ከልክ በላይ የሚሠራ መሆኑ ደም ተልኮ ደብረ ማርቆስ ላይ ከታወቀ፣ ሰው ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ለመመርመር ሳይሆን ለመታከም ይሆናል። መድኃኒቱ የሚደርስበት ሳምንት አስቀድሞ ስለሚታወቅ፣ ከደጀን፣ ከቢቸናና ከሞጣ ያሉትን ታማሚዎች ለዚያው ሳምንት አንድ ላይ መቅጠር ይቻላል። ከዚያ በኋላም ክትትል አለ። አዮዲን 131 ከወሰዱት ብዙዎቹ፣ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ፣ ዕጢያቸው ከሚገባው በታች ይሠራል፤ ይደክማሉ፣ ይበርዳቸዋል፣ ይወፍራሉ። ሐኪም ይህን ሲጀምር ያውቀዋል፣ ለታማሚውም መናገር አለበት። መፍትሔው ሌቮታይሮክሲን የተባለ ርካሽ ክኒን በየቀኑ፣ ዕድሜ ልክ፣ በባዶ ሆድ መውሰድ ነው። በመጀመሪያው ዓመት በየጥቂት ወሩ፣ በኋላ በዓመት አንዴ ደም ይመረመራል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ እንክብሉ ከመሰጠቱ በፊት መጠየቅ ያለበት ደጀን መድኃኒት ቤት ውስጥ ሌቮታይሮክሲን ዓመቱን ሙሉ ይገኛል ወይ፣ ደሙንስ ማን ወስዶ ይልከዋል የሚለው ነው። ይህ መልስ ያላገኘበት ወረዳ ውስጥ ላለች ሴት፣ ክኒኑንና ምርመራውን የሚያደርስ ሰው እስኪመደብ ድረስ፣ ፕሮፒልታዮዩራሲልን እየወሰደች መቆየቱ ይሻላታል።